«ዕድል ሰጠሁት» ስትሉ ለማን ነው?

የደጀን ልጅ፦
ጎበዝ፣ ሚኒሶታ ያለው ወንድማችን ሞጤው ትናንት ማታ እዚሁ የለጠፈውን አያችሁ? የአጋዘን ቀንድ ይዞ ተንበርክኳል። እሱስ ይሁን፣ ያገሩ ሕግ ፈቅዶለታል። እኔን ያንገበገበኝ ከሥሩ የጻፈው ነው፦ «አባቶቻችን በጠብመንጃ ጨፈጨፉ እንጂ አላደኑም። እኔ በቀስት ነው፤ ለአውሬው ዕድል ሰጥቼው ነው የገደልሁት። ሳንባውን መትቼው ወዲያው ወደቀ።» ይኸ አልበቃ ብሎት ዐባይ በረሃና ጮቄ ላይ የቀስት አደን ለቱሪስት ይፈቀድ ይለናል።
ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ያ ቀስት ተብዬ ላይና ታች ጎማ አለው። ማነጣጠሪያ አለው። ሰውየው አንገቱ ላይ የርቀት መለኪያ ሌዘር አንጠልጥሏል፣ ከኋላው ዛፉ ላይ ወንበር ታስሯል። እንግዲህ ዕድሉ የተሰጠው ለማን ነው?

ሞጤው፦
እንደምን አላችሁ ያገሬ ልጆች። መጀመሪያ ጎማ አይባልም፣ ካም ነው የሚባለው። ሆሊስ አለን የሚባል የሚዙሪ ሰው ነው የፈለሰፈው፣ በፈረንጆች 1966 ማመልከቻ አስገብቶ በ1969 የባለቤትነት መብት አገኘበት። ስትስበው 32 ኪሎ ይከብድሃል፤ ጫፍ ሲደርስ 80 በመቶውን ይሸከምልሃል፣ ስድስት ኪሎ ገደማ ብቻ ትይዛለህ። እጅህ ስለማይንቀጠቀጥ ልቡና ሳንባው ላይ ትመታለህ።
ዕድል ያልሁት ደግሞ ይኸን ነው፦ ባለ ጠብመንጃው ከ200 ሜትር ይጥለዋል። እኔ 25 ሜትር ድረስ መቅረብ አለብኝ። ነፋሱ ቢዞር ሸትቶኝ ይሄዳል። ባለፈው ዓመት 19 ቀን ዛፍ ላይ ውዬ ባዶ እጄን ነው የገባሁት።

የቡሬው በርበሬ፦
ስድስት ኪሎ! የልጄ የትምህርት ቤት ቦርሳ ከዚያ ይከብዳል። ጎበዝ፣ ልጄ ገዳይ ናት፣ ፎክሩላት።

አያ ዳሞት፦
ልጄ ሞጤው፣ አትቆጣ፣ ግን «ጨፈጨፉ» ያልኸውን አንሣ። አያቴ ወደ ቆላ ወርዶ ጎሽ ገድሏል። የያዘው ውጅግራ ነበር። ውጅግራ ማለት «ግራ» የሚባለው የፈረንሳይ ጠብመንጃ ነው፣ በፈረንጆች የ1874ቱ፤ አንድ ጥይት ይጎርሳል፣ አንድ ይተፋል። ከሳተ ጎሹ ደረቱ ላይ ነው። ስለዚህ ነበር ሲመለስ የሚዘፈንለት። ሚዳቋ ገድሎ የፎከረ ሰው በኔ ዕድሜ አላየሁም፣ አልሰማሁም፤ ቢፎክር ሴቶቹ ይስቁበት ነበር። በኛ ቤት ዕድል ማለት እሱም ሊገድልህ ሲችል ነው። ያንተ አጋዘን ምን ሊያደርግህ ነበር? ዛፍ ላይ ወጥቶ ሊወጋህ?

የደጀን ልጅ፦
ኧረ እጅዎን ልሳም አያ ዳሞት። «እሱም ሊገድልህ ሲችል።» አለቀ።

ሞጤው፦
አላለቀም። አያ ዳሞት፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የአያትዎ አያት በጦርና በጋሻ ነበር ጎሽ ፊት የሚቆሙት። ውጅግራው ሲመጣ እሱም የፈረንጅ ዕቃ ነበር፣ ያውም ለዚያ ጊዜ ሰው ዘመናይ። ያን ጊዜ «ይኸ ብረት አደኑን አረከሰው» ያለ ሽማግሌ አይኖርም ይላሉ? ጎማዬ ላይ ከመሳቃችሁ በፊት ውጅግራው ላይ ሳቁ።

አያ ዳሞት፦
ሳይኖር አይቀርም። ሽማግሌ መቼ ዝም ብሎ ያውቃል።

ዳንግሌ፦
እኔ ፓዊ ነው ያደግሁት። ቀስት ማየት የፈለገ መተከል ይውረድ። ጉሙዙ ጎረቤታችን ቀስቱን ሳይዝ ከደጁ አይወጣም ነበር። ሌዘር የለው፣ ጎማ የለው። ቅጠል ሳያንኮሻኩሽ የሚጠጋውን መጠጋት በልጅነቴ አይቼዋለሁ፣ ሽታ የሚያጠፋ ፈሳሽ አልተረጨም። ደግሞም የሚበላ አጥቶ ነው እንጂ ፎቶ ሊነሣ አይደለም። ሞጤው ሆይ፣ ሰውየው ለአውሬው ዕድል ሰጠሁት ብሎ አያውቅም። ከሳተ ልጆቹ ጾማቸውን ያድራሉ፣ ዕድሉን የሚፈልገው እሱ ነው።

ሞጤው፦
ዳንግሌ ጥሩ ነጥብ አነሣህ፣ ግን ወደኔ ነው የሚመዝነው። ኦክላሆማ ውስጥ በጥንቱ ዓይነት ቀስት፣ ጎማ በሌለው ማለት ነው፣ ሲታደኑ የተጠኑ አጋዘኖች ነበሩ። ከተመቱት ግማሾቹ ሳይገኙ ቀሩ። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ በዘመናዊ ቀስትና እንደ ጠብመንጃ በቃታ በሚለቀቀው በመስቀለኛ ቀስት 908 ተመትተው 162ቱ አልተገኙም፤ 18 በመቶ መሆኑ ነው። ከግማሽ ወደ 18 ያወረደው እናንተ የምትስቁበት ጎማ ነው። ለአውሬው የሚያዝን ሰው ጎማውን ይወድደዋል።

የደጀን ልጅ፦
ቆይ ቆይ። 162 አልህ? 162 አጋዘን ፍላጻ ጎኑ ላይ ተሰክቶ ጫካ ገብቶ ቀረ ማለት ነው? ይኸን ነው ዕድል የምትለው? አሁን ገባኝ። ዕድለኞቹ እነሱ ናቸው!

የቡሬው በርበሬ፦
ሎተሪ የወጣላቸው።

ሞጤው፦
ሁሉም አይሞቱም እኮ። የሚድን አለ።

የደጀን ልጅ፦
ስንቱ ዳነ? ሐኪም ቤት ሄደው ካርድ አወጡ?

እታለም ከእንጅባራ፦
የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ አንድ ነገር ልበል። ፍላጻ እንደ ጥይት በግጭት አይገድልም፣ በምላጩ ቆርጦ ደም አፍስሶ ነው። ሁለቱን ሳንባ ካገኘ በሰከንዶች ውስጥ ይወድቃል፣ ከብዙ ሞት የተሻለ ሞት ነው፤ እውነቱን ለመናገር ቄራ ከማየው ይሻላል። አንጀቱን ካገኘው ግን ሰዓታት ይፈጃል፣ አዳኙም እንዳያባርረው ብሎ ሆን ብሎ ይጠብቃል።
አሁን ሒሳቡን እዩት። የዛሬ ፈጣን ቀስት ፍላጻ በሰከንድ 90 ሜትር ይሄዳል እንበል። ድምፅ 340 ይሄዳል። 40 ሜትር ላይ ያለ አጋዘን የጅማቱን ድምፅ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ይሰማል፤ ፍላጻው ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ ሊሞላው ምንም አይቀረው። በመካከሉ ደንግጦ ጎንበስ ይላል፣ ሳንባው የነበረበት ቦታ ላይ ሌላ አካል ይገኛል። ጥይት ከድምፅ ስለሚቀድም ይኸ ጣጣ የለበትም። እንግዲህ ሌዘሩና ማነጣጠሪያው 25 ሜትር ላይ ሲሆን ለአውሬው ይጠቅሙታል። ግን እነሱን የያዘ ሰው 25 ላይ ይቆማል ወይ? 50 ላይም እችላለሁ ይላል፣ 60 ላይም። መሣሪያው የተሻሻለው ቅርቡን ለማሳመር ነው ወይስ ሩቁን ለማስደፈር? ሞጤው፣ አንተ ስንት ሜትር ላይ ነው የለቀቅኸው?

ሞጤው፦
38 ያርድ።

ዳንግሌ፦
በሜትር ንገረን፣ ጎጃም ነን።

ሞጤው፦
35 ሜትር አካባቢ።

የደጀን ልጅ፦
«25 ሜትር ድረስ መቅረብ አለብኝ» ያለው ማን ነበር? ወደ ላይ ውጡና አንብቡ። አሥር ሜትር የት ገባ?

ሞጤው፦
25 ያልሁት በአማካይ ነው። ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ ነው እንዴ የገባሁት?

ዋሸራ፦
እኔ ሜትሩን አልጠይቅም። ያ አጋዘን በስመ አብ ተብሎ ታርዷል? ወይስ ግማሽ ሰዓት ዛፍ ላይ ጠብቀህ ሬሳውን ነው ያነሣኸው? ነፍሱ ከወጣች በኋላ ካነሣኸው በክት ነው። ፎቶውን ተወው፣ ሥጋውን ምን አደረግኸው?

ሞጤው፦
መሪጌታ፣ ይስሐቅ ኤሳውን ቀስትህን ይዘህ ወደ ዱር ውጣና አድነህ አብላኝ ነው ያለው። ከአባታችን ከይስሐቅ ልትበልጥ ነው?

ዋሸራ፦
ኤሳውን ምስክር ጠራህብኝ? ብኩርናውን በምስር ወጥ የሸጠውን? በዚያ ላይ ያንን በረከት ኤሳው አልበላትም፣ ቤት የዋለው ያዕቆብ ከመንጋው ፍየል አርዶ ቀደመው። አዳኙ ሲደርስ ድግሱ ተበልቶ ነበር። ጥያቄዬን ግን አልመለስህም።

የቡሬው በርበሬ፦
ዋሸራ እዚህ ይኸን ያህል ካወራ ጉባኤ ቢገባ ምን ሊሆን ነበር።

ዋሸራ፦
በርበሬ ከወጥ ውስጥ ሲሆን ነው የሚያምር፣ ዐይን ውስጥ አይደለም።

የደጀን ልጅ፦
ወደ ነገራችን። ዚምባብዌ በ2007 ዓ.ም. የተገደለውን ሴሲል የሚባል አንበሳ ታስታውሳላችሁ? የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች አንገቱ ላይ መከታተያ አስረውለት ነበር። አሜሪካዊው ጥርስ ሐኪም የተጠቀመበት ይኸው ባለ ጎማ ቀስት ነው። ሥጋ አሳይተው አባብለው ከሁዋንጌ ፓርክ አስወጡት፣ ማታ ወጋው፣ ሳይሞት አደረ፣ በማግስቱ ጨረሱት። ሌሊቱን ሙሉ «ዕድል» ሲሰጠው ማደሩ ነው።

ሞጤው፦
አንድ ጥርስ ነቃይ ስላበላሸ ሁላችን? ፖፕ ኤንድ ያንግ የሚባል የቀስተኞች ማኅበር አለ፣ በፈረንጆች ከ1961 ጀምሮ። በአጥር ውስጥ የተዘጋ፣ በወጥመድ የተያዘ፣ በረዶ ወይም ውኃ የያዘው አውሬ አይመዘግብም። ማኅበሩ የተሰየመለት ፖፕ ራሱ ሐኪም ነበር፤ ቀስት የተማረው በፈረንጆች 1911 ከጫካ ከወጣው ከኢሺ ነው፣ የካሊፎርኒያ ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከያሂዎች የመጨረሻው ሰው። እኛም ገደብ አለን። አሪዞና ጫካ ውስጥ ካሜራ ሰቅሎ ማደንን በፈረንጆች ከ2022 ጀምሮ ከልክላለች፣ የደገፉ አዳኞችም አሉ። እኔም ካሜራ አልሰቅልም።

ዳንግሌ፦
ኢሺ ወገኖቹ አልቀው ብቻውን የቀረ ሰው ነው። ወገኑን የጨረሱት ነጮች እንዴት መወርወር እንዳለባቸው ከሱ ተማሩና ማኅበር አቋቋሙ። ይኸንን ለኔ ባትነግረኝ ይሻልህ ነበር።

አያ ዳሞት፦
ዳንግሌ ይኸስ ከበደኝ።

እታለም ከእንጅባራ፦
እንግሊዝ በቀስት ማደን በሕግ ክልክል ነው፣ ጀርመንም ትልልቅ አውሬ በቀስት አይታደንም። አሜሪካ ትፈቅዳለች። ስለዚህ «በሠለጠነው ዓለም» ብሎ የሚጀምር ካለ አስቀድሜ ዘግቼዋለሁ። ወደኛ ስንመጣ አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ጮቄ ላይ ደግሞ ፈቃዱ ቢመጣ የሚታደነው ምንድን ነው? ዳገቱ ሁሉ ገብስና ድንች ሆኗል። ቱሪስቱ ድንቹን ሊወጋው ነው?

ቆላ ነኝ፦
እኔ ዐባይ በረሃ አፋፉ ሥር ነኝ፣ ኔትወርኩ ሲመጣ ነው የምጽፈው። ስለ አጋዘን ስትጨቃጨቁ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል ማማ ላይ ሳድር። ማሽላዬን በቀን ዝንጀሮ፣ በሌሊት ከርከሮ ይበላዋል። ያለኝ ወንጭፍና ጉሮሮ ነው። ጠብመንጃ ብተኩስ ጥይቱ ከማሽላው ይወደዳል። ሞጤው እሱም ዛፍ ላይ ማማ ሠርቶ ይቀመጣል አላችሁኝ? ይምጣ፣ ቦታ አለ። ከርከሮውን በጎማም ይምታው በጥርስም፣ እኔ ዕድል እንዲሰጥልኝ አልፈልግም።

የደጀን ልጅ፦
አንተ ደግሞ ክርክሩን አታበላሽብን።

ቆላ ነኝ፦
የትኛውን ክርክር? እናንተ የምትከራከሩት ስለሚያምረው አውሬ ነው። የኔን ሰብል ስለሚበላው ማንም «ስንት ሜትር ላይ ለቀቅኸው» አይልም።

እታለም ከእንጅባራ፦
እኔ እላለሁ። ከርከሮም ያመዋል።

ቆላ ነኝ፦
እሽ እህትአለም። ነገ ማታ መጥተሽ ንገሪው።

ሞጤው፦
አያችሁ? የሚፈልገኝ ሰው አለ። እኔ መምጣት እችላለሁ፣ ቀስቴን ጉምሩክ ካሳለፈልኝ።

የቡሬው በርበሬ፦
ጉምሩክ ጎማውን የመኪና መለዋወጫ ብሎ ይቀርጥሃል።

ዋሸራ፦
ከርከሮ በሕጋችን ስለማይበላ በክት ነው አይደለም የሚለው ጥያቄ እዚያ ላይ ይወድቃል። አጋዘኑ ላይ ግን እንደቆመ ነው። ሞጤው፣ ሥጋው?

ሞጤው፦
ፍሪጅ ውስጥ ነው። ደርሼበት ነፍሱ ሳትወጣ ነው ያረድሁት፣ በቃህ?

የደጀን ልጅ፦
ነፍሱ ሳትወጣ ደረስህ? ሳንባውን መትቼው ወዲያው ወደቀ ብለህ አልነበር ከፎቶው ሥር? ከሁለቱ አንዱን ምረጥ።

ሞጤው፦
አንተ መጀመሪያ አባቶችህ በጠብመንጃ አቁስለው የሳቱትን ቁጥር አምጣ። 162 እያልህ አንድ ቀን ሙሉ የምታላዝንብኝ የቆጠረ ሰው ስላለ ነው። ያንተን ማን ቆጠረው?

አያ ዳሞት፦
አያቴ አንድ ጎሽ አቁስሎ ጠፍቶበታል። ሦስት ቀን ደሙን ተከትሎ አላገኘውም። እስኪሞት ያነሣው ነበር።

የደጀን ልጅ፦
እሽ፣ አንድ በሉ። 162 ከ1።

ሞጤው፦
አያ ዳሞት እውነተኛ ስለሆኑ ነው አንድ ያሉት። ሌላው አያት ሁሉ ዜሮ ነው እንግዲህ።

የደጀን ልጅ፦
አርፈህ ሜትሩን መልስ። 25 ወይስ 35?