ሊቲየም ልግጠም ወይስ ደረቁን የአሲድ ባትሪ ልመልስ?

ሰላም ለሁላችሁ። የሞተር ሳይክሌን ባትሪ ልቀይር ነው፤ ምርጫው ላይ ግን ተቸግሬያለሁ። ያለው 12 ቮልት፣ 9 አምፔር ሰዓት ደረቅ ባትሪ ነው። አድሮ 12.5 ቮልት ያሳያል፤ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ሲነካ ወደ 8.6 ይወርዳል፣ ስለዚህ ማለቁ አያጠራጥርም።

የሚያሳስበኝ ቻርጁ ነው። በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጥ) 13.6፣ በደቂቃ 5,000 ዙር ደግሞ 14.8 ቮልት ከባትሪው ጫፎች ላይ ይለካል። አሲዱ ይችለዋል፤ የሊቲየም አይረን ፎስፌት (LiFePO4) ባትሪ ጣሪያ ግን 14.6 ነው። ሬጉሌተሩን (የቻርጁን ቮልቴጅ የሚገድበውን) መቀየር ግድ ነው ወይስ የባትሪው መከላከያ ሰርኪዩት ይበቃል? ሰርኪዩቱ በጉዞ ላይ ከቆረጠ ቮልቴጁ ዘሎ ኢሲዩውን (የሞተሩን ኮምፒውተር) እንዳያቃጥል እፈራለሁ።

ሌላው ጂፒኤሱ ነው። ሞተሩ ጠፍቶም 15 ሚሊአምፔር ይስባል፤ በቀን 0.36 አምፔር ሰዓት ማለት ነው። «ከ9 አሲድ ጋር እኩል» ተብሎ የሚሸጠው ሊቲየም እውነተኛ አቅሙ 3 አምፔር ሰዓት ብቻ ስለሆነ በስምንት ቀን ያልቃል፤ እስከ ታች ከወረደ ደግሞ ሴሎቹ ይበላሻሉ።

ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ አለ። ከዜሮ በታች ሊቲየም መሙላት ሴሉን ይጎዳል። ሁለት ኪሎ ገደማ መቅለሉ ያጓጓል፤ ግን በዚህ ብርድ ሊቲየም የገጠማችሁ፣ ጠዋት ሞተሩ በስንተኛው ሙከራ ይነሳላችኋል?