ለወጣቶች ተወካይነት ልወዳደር ወይስ ስሜን ላስፍቅ? ድሬዎች ምከሩኝ

የቀፊራዋ፦
ሰላም ድሬዎች፣ ሐረሮችም ካላችሁ ሰላም። ይረዝማል ይቅርታ ግን ቤት ውስጥ የማማክረው ሰው የለኝም።

22 ዓመቴ ነው፣ ቀይ መስቀል ውስጥ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የመጀመሪያ እርዳታ ስልጠና ልውሰድ ብዬ ከትምህርት ቤት ክበብ ገባሁ በዛው ቀረሁ። አሁን የወጣቶች ተወካይ ይመረጣል ተብሎ ልጆቹ አንቺ ግቢ አንቺ ግቢ እያሉ ሲጨቀጭቁኝ ሳላስበው እሺ ብዬ ስሜ ተፃፈ፣ ከዛን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

ተወዳዳሪዬ ጎበዝ ልጅ ነው አልዋሽም። እንግሊዝኛው ይፈሳል፣ ፖወር ፖይንት ሰርቶ ግሩፑ ላይ ለቆታል፣ ራዕይ ተልዕኮ ምናምን አለው፣ የመጨረሻው ስላይድ ላይ ከድሬዳዋ ተነስቶ በአዲስ አበባ አድርጎ ጄኔቭ የሚገባ ቀስት ሁሉ አለበት። እኔ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል። ያለኝ ነገር አንድ ደብተር ነው፣ ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ለምን ቀረ፣ የባጃጅ ማን ከፈለ፣ የማን ጓንት አልቋል እያልኩ የምፅፍበት። ማንም ፃፊ ብሎኝ አይደለም አመሌ ነው፣ እናቴ ሱቅ ዱቤ ስትፅፍ እያየሁ ስላደግኩ ይመስለኛል።

እናቴ ደሞ "ደሞዝ የሌለው ሹመት እስቲ ምን ይባላል" ትላለች። መጋላ ያለችው አክስቴ ጭራሽ ሌላ ነገር አመጣች፣ ሂጃብሽ ላይ መስቀል ያለበት ቬስት ደርበሽ ስትዞሪ ሰው ምን ይላል አለችኝ። እስካሁን ችላው ነበር፣ ተወካይ ስትሆኚ ግን ፎቶሽ ይለጠፋል ነው የምትለው።

እና ልወዳደር ወይስ ስሜን ላስፍቅ? ለንግግር አምስት ደቂቃ ነው የተሰጠን፣ ምን ይባላል? ያ የጄኔቭ ቀስትስ እውነት ነው ወይስ እኛን ማስፈራሪያ?

ለገሃሬ_የድሮው፦
ስሚ እህቴ፣ ስምሽን እንዳታስፍቂ። እኔ እዛው ቀይ መስቀል ቤት ነው ያደግኩት፣ አሁን የሁለት ልጆች አባት ነኝ ጊዜውም ጉልበቱም የለኝም፣ መታወቂያዬ ግን ዛሬም ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

መጀመሪያ ደንቡን ጠይቀሽ በወረቀት ያዢ። ማን ነው የሚመርጠው፣ ስንት ሰው ሲገኝ ነው ምርጫው የሚፀናው፣ መዋጮ ያልከፈለ አባል ድምፅ አለው ወይ፣ ተወካዩ ለስንት ጊዜ ነው፣ ደሞ ትልልቆቹ ሲሰበሰቡ እሱም ድምፅ ይሰጣል ወይስ ተቀምጦ ብቻ ነው የሚሰማው። የመጨረሻዋን ማንም አይጠይቃትም፣ ዋናዋ ግን እሷ ናት።

ስለ ንግግር ልንገርሽ። እኔ መጀመሪያ የተወዳደርኩ ጊዜ ሳምንት ሙሉ በቃሌ ሳጠና ከረምኩ። አዳራሽ ስገባ 31 ሰው ተቀምጧል፣ ከነሱ ውስጥ ስማቸውን የማውቀው ሰባቱን ነው። ስንት ድምፅ አገኘሁ መሰለሽ? ስምንት። አንዷ የራሴ ናት።

አሁን ወደ ደብተሩ። አንቺ እንደ ጥፋት አድርገሽ ነው የነገርሽን። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የመጣ ጊዜ አንቺ ገና ጡት የጣልሽ ነበርሽ፣ እኔ ደሞ አስራ ስምንት የሞላኝ ጎረምሳ። ዝናቡ የዘነበው ከላይ ደጋው ላይ ነው፣ ውሃው እኛ ጋ ሲደርስ ሰው ተኝቷል። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ደቻቱን ታውቂዋለሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው ሰው እቃ ዘርግቶ ይሸጥበታል ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ ሲሞላ ግን ከተማዋን ለሁለት ነው የሚቆርጣት፣ ከዚራ ወዲህ መጋላ ወዲያ፣ መሻገር የሚባል ነገር የለም። እኔና ጓደኞቼ በዛ ሌሊት ቃሬዛ እንኳን አግኝተን ነበር፣ የሚሸከም ሰው ነው ያጣነው። ማን በየትኛው ማዶ እንደሚያድር የሚያውቅ አልነበረም፣ ሞባይልም እንዳሁኑ በየኪሱ የለም፣ በር እያንኳኳን ስንፈላለግ ነጋ። እስካሁን ሰኔ ሲገባ ያቺ ሌሊት ትመጣብኛለች።

ስለዚህ ደብተርሽ ላይ ከያንዳንዱ ስም ጎን አንድ ነገር ጨምሪ፣ ከዚራ ማዶ ወይም መጋላ ማዶ ብለሽ። ከዛ መድረክ ላይ ውጪና ዛሬ ማታ ደቻቱ ቢሞላ እዚህ ማዶ ስንት ሰልጣኝ አለን፣ እዛ ማዶ ስንት፣ ስንቱ ፋሻ ማሰር ያውቃል፣ ስንቱ ጓንት አለው ብለሽ ቁጥሩን አንብቢላቸው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የቀረውን ሶስት ደቂቃ ዝም ብትይም ግድ የለም።

አቦ_ተረጋጉ፦
እንዴ አቦ ሁላችሁም በርቺ በርቺ ብቻ፣ አንድ ሰው እውነቱን ይናገር እንጂ። ስሙን የማልጠራው ሌላ ክበብ ውስጥ ፀሐፊ ነበርኩ፣ ከምርጫ በፊት ሁሉም ወንድሜ እህቴ ነው፣ ከምርጫ በኋላ አበል ያለው ስልጠና ሲመጣ የሚሄዱት ሁሌ እነዛው ሶስት ሰዎች፣ አበል የሌለው ፅዳት ሲመጣ ደሞ እኔ። ተወካይ መሆን ማለት የሰው ኩርፊያ መሰብሰብ ነው። ጓንት አልቋል ሲባል አንቺ፣ ሻይ አልቀረበም ሲባል አንቺ፣ ባጃጁ ጥሎን ሄደ ሲባል አንቺ፣ በዚህ ሙቀት ላይ ተጨምሮ!

ሁለተኛ፣ ድሬ ነው ያለሽው። 40-40-20 እየተባለ ወንበር በብሔር የሚቆጠርበት ከተማ ነው። አንቺ ዝም ብትይ እንኳን አንዱ መጥቶ ዘንድሮ ተራው የኛ ነው እኛ እንመርጥሻለን ይልሻል፣ ደስ ብሎሽ እሺ ካልሽ ያኔ አለቀልሽ፣ ሌሎቹ በዛው ቀን ይቆጥሩብሻል።

እና የእናትሽ ጥያቄ ትክክል ነው። ደሞዝ የሌለው ሹመት ምን ይባላል? እኔም መልሱን እየጠበቅኩ ነው 😂

ጁገል_05፦
ከሐረር ነኝ፣ ጎረቤት ዝም አይልም ብዬ ነው። አቦ_ተረጋጉ ያልከው ሁለተኛው ነገር እውነት ነው፣ ግን መልሱ ከቀይ መስቀል ሰባት መርሆዎች ውስጥ አለ እኮ። ሰብዓዊነት፣ አለማዳላት፣ ገለልተኝነት፣ ነፃነት፣ በጎ ፈቃድ አገልግሎት፣ አንድነት፣ ዓለም አቀፋዊነት። እነዚህን ሁሉም ሰልጣኝ በቃሉ ያነበንባቸዋል፣ እንደ ለመዱት ጸሎት ሳያስብባቸው ማለቴ ነው። ተራው የኛ ነው የሚል ሲመጣ "ደቻቱ ሲመጣ ብሔር አይቶ ነው እንዴ የሚወስደው" በይው፣ በቃ። እንዲህ ብለሽ አንድ ሶስት ድምፅ ብታጪ እንኳን በኋላ ስራሽን በነፃነት ትሰሪያለሽ።

የአክስትሽን ነገር ግን በቀልድ አትለፊው፣ ሽማግሌ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው እኛም ጋ ተጠይቀናል። ረጋ ብለሽ ንገሪያት። ምልክቱ በ1864 እንደ ፈረንጆቹ ጄኔቭ ላይ ሲፀድቅ የስዊዘርላንድን ባንዲራ ቀለም ገልብጠው ነው የወሰዱት፣ እነሱ ቀይ ላይ ነጭ መስቀል ነው ያላቸው፣ ይሄ ነጭ ላይ ቀይ ሆነ። ከዛ በ1876 ቱርኮቹ ጦርነት ላይ እያሉ እኛ ጨረቃ ነው የምናደርገው አሉ፣ በ1929 በስምምነት ታወቀላቸው። አሁን ሁለቱም እኩል ናቸው። ከድሬ ባቡር ተሳፍረሽ ጅቡቲ ብትወርጂ እዛ ቀይ ጨረቃ ነው የሚባለው፣ ሶማሊያም እንደዛው፣ ሁሉም ያው አንድ ዓለም አቀፍ የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ማህበራት ፌዴሬሽን ውስጥ ናቸው። አክስትሽ እንደ ድሬ ሰው ጅቡቲ ዘመድ አያጣትም መቼም፣ የጅቡቲውን ምልክት በስልክሽ አሳያት፣ ከኔ ንግግር ይሻላል።

ደሞ ይሄን ጨምሪ፣ የኛ ማህበር የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ነው፣ ጣልያን ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀረው። በመጋቢት 1928 ሐረር በአውሮፕላን ስትደበደብ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረባቸው ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ተመትተዋል። አያቶቻችን የሚያወሩት ነው። እና ያ ቬስት ፎቶ ለመነሳት የሚለበስ ነገር እንዳልሆነ እኛ ሐረሮች ደህና አድርገን እናውቃለን።

የጄኔቭ ቀስት እውነትም ነው ውሸትም ነው። ፌዴሬሽኑ በ1919 ፓሪስ ተመስርቶ አሁን መቀመጫው ጄኔቭ ነው፣ ከ190 በላይ የየሀገሩ ማህበራት አሉት። ጠቅላላ ጉባኤው በየሁለት ዓመቱ ይሰበሰባል፣ አንድ ማህበር አንድ ድምፅ ነው፣ ትልቅ ሀገር ትንሽ ሀገር የለም። የወጣቶች ኮሚሽን የሚባል አለ፣ ሰብሳቢው እዛ ጉባኤ ላይ ይመረጣልና የፌዴሬሽኑ አስተዳደር ቦርድ ውስጥ ይቀመጣል። ግን እዛ ለመድረስ የራስሽ ሀገር ማህበር ነው እጩ አድርጎ የሚያቀርብሽ፣ ከድሬ ተነስተሽ ሲቪ ኢሜይል አድርገሽ የሚገባ ነገር አይደለም። ወጣት የሚሉትም እስከ 30 ዓመት ነው፣ ስለዚህ ስምንት ዓመት አለሽ፣ አትቸኩይ። ልጁ ስላይዱ ላይ የሳላት አጭር ቀስት መሃሏ ላይ ብዙ ቅዳሜ ጠዋት አለባት።

አንድ ነገር ልጨምር ስለ ፍርሃትሽ፣ እኔም እንደዛ ነበርኩ። ድምፅሽ ከጠፋ እጅሽን አሰሪው። መድረክ ላይ ስትወጪ ከፊት ወንበር አንድ ሰው ጠርተሽ በሻርፕ ክንዱን ማንጠልጠያ እሰሪለት፣ እያሰርሽ አውሪ። እጅ የሚያውቀውን ነገር ሲሰራ አፍም ይፈታል። እኔ እንደዛ ነው የወጣሁት፣ የጠራሁት ሰውዬ ግን ንግግሩ ካለቀ በኋላ የፈታልኝ የለም ብሎ እስከ ምሳ ክንዱን አንጠልጥሎ ዞረ 😂

የቀፊራዋ፦
አላህ ያክብራችሁ። ለአክስቴ የጅቡቲውን አሳየኋት፣ ዝም ብላ አየችና "ታዲያ ለምን እናንተም ጨረቃውን አትሉም" አለችኝ፣ አንድ ማህበር አንዱን ነው የሚመርጠው አልኳት፣ እስቲ እናያለን ብላ ቡና አፈላች። ከሷ ይሄ ብዙ ነው።

ደብተሩ ላይ ማዶውን ፃፍኩ። ሶስት ቀን ፈጀብኝ፣ ከ54 ልጆች ውስጥ መጋላ ማዶ የሚያድሩት 17 ብቻ ናቸው፣ ከ17ቱ ሙሉ ስልጠና የወሰዱት ስድስት። እኔም ደነገጥኩ፣ ለምርጫ ብዬ የጀመርኩት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ ጭራሽ።

አሁን ሌላ ጣጣ መጣ። ተወዳዳሪዬ ወሬውን ሰምቶ ትናንት ማታ ደውሎ ደብተሩን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ ለስላይዴ ፈልጌው ነው አለኝ። ልስጠው?

አቦ_ተረጋጉ፦
እንዳትሰጪው!!! ወላሂ እንዳትሰጪው። ሰው እንዴት ይደፍራል አቦ

ለገሃሬ_የድሮው፦
ፎቶ አትላኪ፣ እሱን ለመከልከል ብዬ ግን አይደለም። እዛ ደብተር ላይ የልጆቹ ስልክ አለ፣ ለምን ቀረ የሚለው አለ። አንዷ እናቷ ታማ ነው የቀረችው፣ አንዱ ጫማ ስላልነበረው ነው፣ ይሄ ነገር ግሩፕ ላይ ከወጣ ከዛ በኋላ ማንም እውነቱን አይነግርሽም። ቁጥሩን ብቻ ስጪው፣ ወዲህ ማዶ ይሄን ያህል ወዲያ ማዶ ይሄን ያህል ብለሽ። እሱ ቢያሸንፍም እኮ ጎርፉ ሲመጣ ቁጥሩ ያስፈልገዋል።

ጁገል_05፦
በዚህ እስማማለሁ። ደሞ ካሸነፍሽ ያ እንግሊዝኛው የሚፈሰው ልጅ ያስፈልግሻል፣ ከሌላ ሀገር እንግዳ ሲመጣ ማን ሊያወራልሽ ነው? ከአሁኑ አታኩርፊው።

አቦ_ተረጋጉ፦
እናንተ ሐረሮች ጅብ እንኳን በእጃችሁ ነው የምታጎርሱት ምን ይደረግ 😂 እሺ በቃ ቁጥሩን ስጪው። ምርጫው ቀን ግን እኔም እመጣለሁ፣ መዋጮዬን ከፍዬ። እስካሁን አልከፈልኩም ነበር።

የቀፊራዋ፦
ደወልኩለት። ፎቶ አልልክም፣ ከፈለግክ ቅዳሜ ሙቀቱ ሳይጀምር በጠዋቱ ና፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብለህ በእጅህ ገልብጥ አልኩት። ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር፣ መጣ፣ ላፕቶፑን ይዞ።

ስልኩንና ምክንያቱን በወረቀት ሸፈንኩና ማን መጣ ማን ቀረ የሚለውን ብቻ ክፍት ተውኩለት። መጀመሪያ ዝም ብሎ ይገለብጥ ነበር፣ ከዛ ዘጠነኛው ገፅ ላይ ቆመ። የራሱን ስም አገኘው። ስድስት ቅዳሜ በተከታታይ፣ ቀረ፣ ቀረ፣ ቀረ ይላል።

ምንም አላለም፣ እኔም ምንም አላልኩም። ላፕቶፑን ዘጋውና መጋላ ማዶ ያሉት ስድስቱ ሰልጣኞች እነማን ናቸው አለኝ፣ ነገርኩት፣ በእጁ ፃፈ። የሻዩን ሒሳብ እሱ ከፈለ።