ውሻችን ሁላችንንም እንደ በግ እየነዳን ነው፤ ምን ይሻላል?

የጠባሴዋ እናት፦

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆችና አማቴ። ግቢያችን መካከለኛ ነው፣ አጥሩ ቆርቆሮ። ወንድሜ አዲስ አበባ አብሮት ይሠራ የነበረ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ውሻውን ትቶለት ሄደ። ወንድሜ ደግሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው ያለው፣ የት ያድርገው? ወደ እኛ ላከው። ቦርደር ኮሊ ነው አለን። ጥቁርና ነጭ፣ ጸጉራም ነው። ልጆቹ ቦቢ ይሉታል። አማቴ የመንዝ ሰው ስለሆኑ ለውሻ ስም ማውጣት ያውቁበታል፣ "አያርፌ" ብለውታል። እውነትም አያርፍም።

ክፉ አይደለም። ሰው አይነክስም፣ ሌሊት ያለ ምክንያት አይጮህም። ችግሩ ያየውን ሁሉ መሰብሰቡ ነው። ጠዋት ዶሮዎቹን ስለቅቅ ሆዱን መሬት አስነክቶ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ አንድ የፊት እግሩን አንጠልጥሎ ያፈጥጥባቸዋል። ድምፅ የለም። አንዷ ፈንገጥ ስትል ዞሮ ይቀድማታል። በመጨረሻ ሁሉንም ኩበት የምንከምርበት ጥግ አስገብቶ ፊት ለፊታቸው ይጋደማል። እንቁላል የቀነሱት በሱ ምክንያት ነው ይላሉ አማቴ። እኔ ብርዱ ይመስለኛል።

ልጆቹ ሲሯሯጡ ደግሞ ተረከዛቸውን ነከስ ለቀቅ ያደርጋል። አያደማም፣ ግን የትንሿ ልጄ ካልሲ ሁሉ ተቦጫጭቋል። የሠፈር ልጆች ሲመጡ ነፍሴ ትጨነቃለች። መንገድ ላይ ባጃጅ ያባርራል፣ በጋሪ ፈረስ ኋላ ኋላ ይገባል። በቀደም በአጥር ሥር ሾልኮ የጎረቤት በጎችን አምጥቶ በራችን ላይ አቆመልን። እረኛው ልጅ እያለቀሰ መጣ። የበጎቹ ባለቤት "ሌላ ጊዜ ዱላ ነው" አሉኝ። ምን ልበላቸው? እርጉዝ በጎች ነበሩባቸው።

ባለቤቴ በሰንሰለት እንሰረው ይላል። ሲታሰር ቀኑን ሙሉ እየዞረ መሬቱን ቦረቦረው። ማታ ባለቤቴ ለሩጫ ይዞት ይወጣል። ሲመለሱ ባለቤቴ ሶፋ ላይ ይዘረጋል፣ እሱ ኳሱን በአፉ ይዞ ይቆማል። ልጆቹ ነፍሳቸው ነው፣ ለሰው መስጠት አልፈልግም። እንዲህ ዓይነት ውሻ ቤት ውስጥ ያሳደገ አለ?

ባለ ባጃጁ፦

እሰሩት እንጂ! ውሻ የሚፈታው ማታ ነው። የናንተው ይሁን አይሁን አላውቅም፣ አንድ ጥቁርና ነጭ ግን ወደ ጠባሴ ስወጣ ጎማዬ ሥር ሊገባ ለትንሽ ነው የተረፈው። ተሳፋሪዋ ጮኸች፣ እኔም ጮህኩ፣ እሱ ብቻ ደስ ብሎታል።

የሞላሌው፦

እህቴ፣ ጫጫ አካባቢ አንድ የውጭ ሰው እርሻ ላይ ስሠራ የሱን ኮሊዎች የምንከባከበው እኔ ነበርኩ። አንዷ አሁን እኔ ቤት ናት። እኔ ራሴ መንዝ በግ ጠብቄ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ሁለቱንም ዓይነት ውሻ አውቃለሁ።

የኛ አገር ውሻ ዘበኛ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ተቀምጦ ቀበሮና ጅብ ሲያይ ይጮሃል። በጉን የሚነዳው እረኛው ነው፣ በጅራፉና በወንጭፉ። የናንተው ግን በእንግሊዝና በስኮትላንድ ድንበር፣ በተራራ ላይ የተበተነ በግ ሳይጮህ በዓይኑ ብቻ እንዲሰበስብ የተዳቀለ ዘር ነው። ጌታው ከሩቅ ያፏጫል፣ እሱ ይዞራል። ያ ማፍጠጥ፣ ያ ማድባት አደን ነው፣ መግደሉ ብቻ ተቆርጦ የወጣ። ዶሮም ሆነ ልጅ ሲሮጥ ሲያይ ሥራው የተጀመረ ይመስለዋል። ብልግና አይደለም፣ ሥራ ማጣት ነው።

ባለቤትሽ ማታ ማታ ማስሮጡ ጥሩ ነው፣ ግን እሱ ብቻ ከሆነ ውሻውን ለማራቶን እያዘጋጀው ነው። ዛሬ በአንድ ሰዓት የደከመ በወሩ በሁለት ሰዓትም አይደክምም። ኳስ መወርወርም እንደዚያው ነው፣ አይጠግብም። የሚያደክመው ጭንቅላቱን ማሠራት ነው። ምግቡን በሳህን አትስጡት። ሣር ውስጥ በትኑለት፣ በአፍንጫው ይልቀም። የልጅሽን ሹራብ ደብቁና ይፈልግ። የመጫወቻዎችን ስም አስተምሩት፣ ልጆቹ ይህን ይወዱታል። አሜሪካ ውስጥ ቼዘር የምትባል ቦርደር ኮሊ የ1,022 መጫወቻዎችን ስም ለይታ ታውቅ ነበር። ያንቺው አሥሩን ቢያውቅ ቤቱ ሰላም ያገኛል።

ከሁሉ በፊት ግን "ተኛ"ን አስተምሩት። ግቢ ውስጥ፣ በእጅ ምልክት፣ መጀመሪያ እግራችሁ ሥር፣ ቀስ በቀስ ከሩቅ። የኮሊ ፍሬን እሱ ነው። ዶሮ ላይ ሲያደባ "ተኛ"፣ ከዚያ "ና"፣ ከዚያ ቁራሽ ነገር። ቀጥሎ ምንም አለመሥራትንም አስተምሩት። እናንተ ቡና ስታፈሉ ምንጣፉ ላይ ይጋደም፣ ዝም ሲል ሽልማቱን ያግኝ። ይህ ዘር ማረፍን ካልተማረ ራሱ አያውቅበትም። አማትሽ ስሙን በደንብ ነው ያወጡት።

ልጆቹን በተመለከተ፦ ተረከዝ ሲነክስ መጮህና መሮጥ የለም። ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ ጨዋታው ወዲያው ይቁም። በግ ካልሮጠ ምን ይነዳል? ትልቅ ሰው በሌለበት ግን ከሠፈር ልጆች ጋር አትተዉት፣ በር ተዘግቶበት ለብቻው ይሁን። ባጃጅና ጋሪ ላይ ቀልድ የለም። መንገድ ላይ ሁልጊዜ በገመድ። የፈረስ ርግጫ ጥርሱን ብቻ አይደለም የሚያወልቀው። የአጥሩን ሥር በድንጋይ ድፈኑት።

ሌላው ጅራፍ ነው። እነዚህ ውሾች ድምፅ ይፈራሉ። ቡሄ ሲቃረብ ልጆች ጅራፍ ሲያጮሁ የኔዋ አልጋ ሥር ገብታ ትንቀጠቀጣለች። በነዚያ ቀናት በር ዝጉ፣ ሬዲዮ ክፈቱ፣ እንዳይጠፋባችሁ።

ተጓዥ፦

ቅዳሜ ቅዳሜ መንዝ ያለው ጓሳ ሜዳ ወስዳችሁ ብትለቁትስ? ሜዳው ሰፊ፣ ሰው የለ፣ ባጃጅ የለ። እስኪበቃው ይሮጣል።

የእንስሳት ሐኪሙ፦

ጓሳ በፍጹም። እዚያ ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ የቀረው ትልልቁ ተቆጥሮ 500 አይሞላም፣ ያውም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ። እየጨረሱት ካሉት ዋና ዋና ነገሮች መካከል ከውሻ የሚተላለፉት የእብድ ውሻ በሽታና ዲስተምፐር የሚባለው የውሻ ቫይረስ ናቸው። የመንዝ ሰው ያንን ሣር ቄሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ከአያት ቅድመ አያት ጠብቆ ያቆየው የኛ ውሻ እንዲፈነጭበት አይደለም።

ለጠያቂዋ፦ ስለ ጠባዩ የሞላሌው ጥሩ ብለዋል፣ እኔ ስለ ጤናው ልጨምር። የእብድ ውሻ ክትባት በየዓመቱ ይውሰድ፣ ወረቀቱን ያስቀምጡ። ጥርሱ ቆዳ ከሰነጠቀ፣ የራስዎ ውሻ ቢሆንም፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥበው ልጁን ጤና ተቋም ይውሰዱ።

አይቨርሜክቲንን ይጠንቀቁ። እዚህ ሁሉም ቤት ለበግ የሚወጋ መድኃኒት ነው፣ ውሻ እከክ ሲይዘው ሰው ከዚያው ጠርሙስ ይቀዳለታል። በኮሊና በዘመዶቹ ውስጥ ይህ መድኃኒት ወደ አንጎል እንዲገባ የሚያደርግ የዘር ጉድለት ያለባቸው አሉ። በቦርደር ኮሊ ብዙ አይደለም፣ ግን የእርስዎው የትኛው እንደሆነ በዓይን አይታይም። ይንገዳገዳል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ይሞታልም። የበጉ መርፌ ለሱ አይሰጥ።

በግ ሲያርዱ ጭንቅላቱን፣ ሳንባና ጉበቱን ጥሬውን አይጣሉለት። የበግ አዙሪት የሚመጣው ከዚህ ነው። በበጉ አንጎል ውስጥ ያለውን የውሃ ከረጢት ውሻ ሲበላ ሆዱ ውስጥ ኮሶ ይሆናል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ሣር ላይ ይወድቃል፣ በግ ይግጠዋል፣ ከዚያ መዞር ይጀምራል። የጉበትና የሳንባው ደግሞ ወደ ሰው፣ በተለይ ውሻ አቅፎ ወደሚተኛ ልጅ ይሻገራል። በየ3 ወሩ የኮሶ መድኃኒት፣ ፕራዚኳንቴል፣ ይስጡት። የወጥ ትራፊም ይቅር፣ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል።

የጠባሴዋ እናት፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ባለ ባጃጁ፣ የኛው ሳይሆን አይቀርም፣ ይቅርታ። የወጡን ነገር ለአማቴ ነግሬያቸው "ውሻ ሽንኩርት ገደለው ሲባል ሰምቼ አላውቅም" ብለውኛል፣ ግን ትራፊውን ማስቀመጥ ትተዋል። ምግቡን ሣር ላይ በተንነው፣ አፍንጫውን ቀብሮ ሲፈልግ ቆየና ከዚያ ራሱ ሄዶ ተኛ። ባለቤቴ አላመነም።

አንድ ጥያቄ ብቻ። ለገና መንዝ እንሄዳለን። አማቴ የወንድማቸውን በጎች ይንዳ፣ ለዚያ ከተፈጠረ ይሥራ ይላሉ። ይቻላል?

የሞላሌው፦

ይቻላል፣ ግን ዝም ብሎ ተለቆ አይደለም። ያልሠለጠነ ኮሊ በግ ውስጥ ከገባ ይበትናል፣ ጠጉር ይነጫል፣ እርጉዟን ያስወርዳል። ከሩቅ ተጠርቶ ካልተኛ ዘንድሮ ይቅር። ከተኛ፣ ረጅም ገመድ ላይ አድርጋችሁ፣ የባለቤቱን ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ እርጉዝና ግልገል የያዙትን ለይታችሁ፣ ጥቂት ሙክት ብቻ ይዛችሁ አሳዩት። ሙክት ረጋ ይላል፣ ከተጠጋውም በግንባሩ ይለዋል፣ እሱም ትምህርት ነው። ዙሪያቸውን ዞሮ ከናንተ ማዶ ሲቆም "ተኛ" በሉት። ከተኛ ያን ቀን ይበቃል፣ ወደ ቤት ውሰዱት። የመንደሩን ውሾች ግን ቀድማችሁ አሳስሩ፣ እንግዳ አይወዱም።