ኳዱ ይጮኻል ግን አይሄድም! ዘጌ መንገድ ላይ ቆሜያለሁ፣ አስቸኳይ

ቆሮሶ ጫኝ፦
ሰላም ለቤቱ። ቶሎ የሚመልስልኝ እፈልጋለሁ። ከዘጌ ወደ ባህር ዳር እየተመለስኩ ኳዱ፣ ባለ አራት ጎማው ሞተሬ፣ ቆመብኝ። ሞተሩ ይሠራል። ነዳጅ ስሰጠው ይጮኻል፣ ግን ንቅንቅ አይልም። መጀመሪያ ትንሽ ትንሽ እየጎተተ መጣ፣ አሁን ጭራሽ እምቢ አለ። የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ፍሪሲዮኑ አልቋል መሰለኝ። የፍሪሲዮን ሸራ ባህር ዳር ውስጥ የት ይገኛል? ዋጋውስ ስንት ነው? ከኋላ አንድ ኬሻ ዓሣ ጭኛለሁ፣ በረዶው እየቀለጠ ነው። ስልኬ 20 ፐርሰንት ነው። እባካችሁ።

ባለ ሦስት እግሩ፦
ወንድሜ ዓሣውን እዚያው ጥበሰው። እኛ እንጀራና ዳጣ ይዘን እንመጣለን።

ፏፏቴ፦
ካንዴላውን ቀይር። የእኔም እንዲሁ ሲያስቸግረኝ ካንዴላ ቀየርኩለት፣ አሁን ይበርራል።

ጋሼ ኩሽኔታ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ ጥያቄህን አሟላ። አውቶማቲክ ነው ባለ ማርሽ? ስንት ሲሲ ነው? ውሃ ውስጥ ገብተሃል? ሐኪም ዘንድ ሄዶ «አሞኛል» ብሎ ዝም የሚል በሽተኛ ሆናችሁብን እኮ።

ቆሮሶ ጫኝ፦
ይቅርታ ጋሼ። አውቶማቲክ ነው። የቻይና፣ 150 ሲሲ። ውሃ ውስጥ አልገባሁም፣ ጅረቷን ብቻ ነው የተሻገርኩት።

ባለ ሦስት እግሩ፦
ጅረቷ ታዲያ ምን ነበረባት፣ አሸዋ? ኪኪኪ

ደንገል፦
እኔ ስለ ሞተሩ አይደለም የምለው። በክረምት ዋናው መንገድ ጭቃ ሆነ እያላችሁ የሐይቁን ዳርቻ መንገድ ታደርጉታላችሁ። ጣና ከነዙሪያው በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል። ይህ ለፖስተር አይደለም። ደንገሉ የበቀለበት ረግረግ የዓሣው መራቢያ ነው። በላዩ አራት ጎማ ሲሄድበት አፈሩ ይታመቃል፣ ጎርፍ ደግሞ የጎማውን ዱካ ተከትሎ ቦይ ያወጣል። ዛሬ የጫንከውን ቆሮሶ ዓሣ ከዓመታት በኋላ የት ልታገኘው ነው? እንቦጩ አንሶን ነው? የግድ ጅረት ከተሻገርክም ጠንካራ መሬት ባለበት፣ በቀጥታ፣ ቀስ ብለህ እለፍ። ውሃው ከእግር መርገጫህ በላይ ከሆነ ተመለስ። ይህን ያልኩት ለሐይቁም ለሞተርህም ብዬ ነው።

ፏፏቴ፦
ካንዴላ ነው ስልህ። 5 ደቂቃ አይፈጅም።

ጋሼ ኩሽኔታ፦
ፏፏቴ፣ ሞተሩ እየሠራ ካንዴላው ምን አጠፋ? ካንዴላ ሲበላሽ ሞተር አይነሳም፣ ወይ ይንተፋተፋል። ይኼ ልጅ ሞተሩ እየጮኸ ጎማው አልዞር ነው ያለው። ጉልበቱ መንገድ ላይ ጠፍቷል ማለት ነው።
አንተም ልጄ፣ እንደ ባለ ማርሽ ሞተር በእጅህ የምትጨብጠው ፍሪሲዮን የለህም። በግራ በኩል ባለው ክዳን ውስጥ ቺንጋ፣ የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ የሚያስተላልፍ የላስቲክ ቀበቶ፣ አለ። ከኋላው ደግሞ ሞተሩ ሲፈጥን በራሱ የሚይዝ ፍሪሲዮን አለ። ሁለቱም ደረቅ ሆነው ነው የሚሠሩት። ውሃ ከገባ ቺንጋው ይሟልጫል፣ ነዳጅ በሰጠኸው ቁጥር እዚያው ይፋተግና ይሸታል። ዝም ብለህ ነዳጅ አትስጠው። ትጨርሰዋለህ።

ቆሮሶ ጫኝ፦
ጋሼ ሽታው የፍሪሲዮን ነው። አይሱዙ ነድቼ አውቃለሁ። ሸራው የት እንዳለ ብቻ ንገሩኝ፣ ልጅ ልኬ ላስመጣ።

ጎርጎራ ማዶ፦
ለመሆኑ ዓሣ በኳድ ለምን ይጫናል? ከዘጌ ጀልባ አለ። በጀልባ ብትልከው ዓሣው እስካሁን ድስት ውስጥ ነበር። ኳድ ለመዝናኛ እንጂ ለጭነት አይሆንም።

ባለ ሦስት እግሩ፦
ወይም ባጃጅ ግዛ። ለማንኛውም ችግር መልሱ ባጃጅ ነው።

የሌሊት ፈረቃ፦
ወደ ቁም ነገሩ። እኔ ጋ ያለውም ከዚሁ ዓይነት ነው። እንዲህ አድርግ።
ሞተሩን አጥፋ፣ ትንሽ ይቀዝቅዝ። በግራ በኩል ካለው የቺንጋ ክዳን ግርጌ ትንሽ የማፍሰሻ ቡሎን ወይም የላስቲክ መድፈኛ ፈልግ። ካለው ክፈተውና ውሃው ይውጣ። ከዚያ ኒውትራል አድርገው፣ ፍሬን ያዝ፣ አስነሳውና ነዳጅ ከፍ ዝቅ እያደረግህ ጥቂት ደቂቃ አሠራው። ቺንጋው ሲሽከረከር ውሃውን ይረጨዋል፣ ሙቀቱም ያደርቀዋል። ከዚያ ወደ ፊት ማርሽ አስገባና ሜዳ ላይ በቀስታ ሞክር። ከጎተተ ቀስ እያልክ ግባ፣ ዳገት ላይ አታስጨንቀው።
ማፍሰሻ ከሌለው ወይም አሁንም ካሟለጨ ክዳኑን መፍታት ነው። ቡሎኖቹ በ8 ቁጥር ቺያቬ ይፈታሉ። ምናልባት የግራውን የእግር መርገጫ ማንሳት ይኖርብሃል። ቺንጋውንና እሱ የሚዞርባቸውን ሁለቱን ፑሊዎች በደረቅ ጨርቅ ጥረግ። ቡሎኖቹን ቆብህ ውስጥ አስቀምጣቸው፣ ሣር ውስጥ የወደቀች ቡሎን አትገኝም።

ፏፏቴ፦
ከጠረገ በኋላ ደብሊዩ ዲ 40 ቢነፋበት ውሃውን ያስወጣዋል።

የሌሊት ፈረቃ፦
በፍጹም! ቺንጋ ላይ ዘይትነት ያለው ነገር አይነፋም፣ ግሪስም አይነካውም። ያን ጊዜ እውነትም አይሄድልህም።

ጋሼ ኩሽኔታ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ ይኼ ከቺንጋው ይብሳል። እንደገና ከማስነሳትህ በፊት የሞተሩን ዘይት መለኪያ አውጥተህ እይ። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ያኔ አታስነሳው። ኒውትራል አድርገህ በገመድ አስጎትት፣ ቤት ስትደርስ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ቀይር። ንጹሕ ከሆነ ችግር የለም። መቀመጫው ሥር ያለውን የአየር ፊልትሮም በእጅህ ዳብሰው። ስፖንጁ ከራሰ ጨምቀህ አድርቀው፣ እስኪደርቅም ሞተሩን አታስነሳ።
ሲሊንደሩ ዙሪያ ባሉት ክንፎች መሃል መረሬ ጭቃ ደርቆ ከሆነም በእንጨት ፈልቅቀው። ያንተ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ጭቃው ከደፈነው ይግላል፣ አንተ ደግሞ ያኔም «ፍሪሲዮን ነው» ትለናለህ።

ኮሶ በር፦
ከርዕስ ልውጣና፣ እግረ መንገዴን ልጠይቅ። የእኔ ኳድ ኮረኮንች ላይ እንደ ፍየል ይዘላል፣ መሪውም አይያዝልኝም። ሾክ አብሶርበር ነው?

የሌሊት ፈረቃ፦
ጎማውን ማን ነው የነፋልህ?

ኮሶ በር፦
ሰፈር ያለው ጎሚስታ። 30 ሞላልኝ።

የሌሊት ፈረቃ፦
30 የመኪና ነው! የኳድ ጎማ አየር ግፊት እንደ ዓይነቱ ከ3 እስከ 7 ፒ ኤስ አይ ገደማ ነው፣ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። ዝቅተኛውን በትክክል የሚያነብ ትንሽ መለኪያ ግዛ፣ የጎሚስታው መለኪያ እዚያ ታች ያለውን አያነብልህም። አስተንፍሰውና ሞክረው። ሾኩን አትንካ።

ኮሶ በር፦
እውነትም 30 የሚል ቁጥር የትም የለውም። አመሰግናለሁ!

ቆሮሶ ጫኝ፦
እሺ፣ አንድ እረኛ ልጅ እያገዘኝ ነው። ዘይቱ ንጹሕ ነው። ክዳኑ ሥር የላስቲክ መድፈኛ አገኘን። ስንነቅለው ጥቁር ውሃ ወጣ፣ ከአንድ ስኒ በላይ ይሆናል! አሁን ኒውትራል ላይ አስነስቼ ነዳጅ እየሰጠሁት ነው። በቀዳዳው ይረጫል። ስልኬ 4 ፐር

ባለ ሦስት እግሩ፦
4 ፐር ምን?

ጋሼ ኩሽኔታ፦
መድፈኛውን መልሰው! ካልመለስከው የሚቀጥለው ጅረት በዚያው ይገባል።

ደንገል፦
በሚቀጥለው በዋናው መንገድ ይሂድ።

ፏፏቴ፦
ምን ሆነ? ሄደ? ከትናንት ጀምሮ እየጠበቅን ነው። ለማንኛውም ካንዴላውንም ያየው።

ቀይ ሸማ፦
የጠያቂውን ባላውቅም እኔን ጠቅማችሁኛል። የእኔም ውሃ ሳይነካው ያሟልጫል። ክዳኑን ከፍቼ ሳየው ቺንጋው ጎኑ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፣ አንድ ቦታ ላይ ክሩ ወጥቷል። ምን ብዬ ልግዛ? መለዋወጫ ሱቅ ስጠይቅ «የምን ቺንጋ?» ይሉኛል።

ጋሼ ኩሽኔታ፦
ክሩ ከወጣ አልቋል፣ አትጠግነውም። «የኳድ ቺንጋ» እያልክ አትዙር። አሮጌውን ይዘህ ሂድ፣ ጀርባው ላይ ሦስት ቁጥር ተጽፏል። ለምሳሌ 743-20-30 ወይም 842-20-30። የመጀመሪያው በሚሊሜትር ርዝመቱ ነው፣ ሁለተኛው ስፋቱ፣ ሦስተኛው የጎኑ ማዕዘን። በዚህ መጠን የሚሠሩ ስኩተሮች ስላሉ የስኩተር መለዋወጫ የሚሸጡትንም ጠይቅ። ርዝመቱ በጥቂቱም ቢለይ አትቀበል። ነጋዴው «ይሆናል፣ ይለጠጣል» ይልሃል። ቺንጋ አይለጠጥም።

ቀይ ሸማ፦
ቁጥሩ ተፍቋል ጋሼ። 8 እና 20 ብቻ ይታያል።

ጋሼ ኩሽኔታ፦
እንግዲያው 842 ሳይሆን አይቀርም። ግን በግምት አትግዛ፣ ሱቁ ውስጥ አዲሱንና አሮጌውን ጎን ለጎን ይዘህ አስተያይ። አሮጌው በማለቁ ስፋቱ ትንሽ ይጠብባል፣ እሱ አያሳስብህ። ስትገጥመው ደግሞ ቀስት ካለበት ቀስቱ ወደሚዞርበት አቅጣጫ ይሁን።