የእሁዱ ስካርና የጋራ ሐሳባችን፦ ረቂቁ ላይ አስተያየት ስጡ

ጸሐፊ፦
ያ ጀማዓ፣ ሰላም ለሁላችሁ። የእሁዱን ጉድ ያላየ ካለ እድለኛ ነው። እዚህ ድሬዳዋ ከኳስ ጨዋታው በኋላ የክለባችንን ማልያ የለበሱ ልጆች ሰክረው እስከ ከዚራ ሰፈር ድረስ ያደረጉት ነገር በየስልኩ ዞሯል። አንዱ የሰው አጥር ላይ ይሸናል። ሌላው የሻይ ሻጯን ጠረጴዛ ገለበጠ። የቀሩት የእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች የተሳፈሩበትን ባጃጅ ከበው ይንጡታል። የደጋፊዎች ማኅበራችን ከየሰፈሩ ተሰባስቦ ሐሙስ ለክለቡና ለከተማው አስተዳደር የጋራ ሐሳብ እናስገባለን ብለናል። ረቂቁ እንዲህ ይጀምራል፦ «ማኅበራችንን የማይወክሉ ጥቂት ግለሰቦች በፈጸሙት አሳፋሪ ድርጊት ማዘናችንን እየገለጽን…»። በሉ እንግዲህ።

ከመጋላ፦
አቦ ገና ከመነሻው! «የማይወክሉ»ን አውጣት። እኔ እነዚያ ልጆች አጠገብ ነው የቆምኩት። ጎል ሲገባ ተቃቅፈናል። ሲዘምሩ የእኛ፣ ሲሸኑ የማናውቃቸው? ሁለቱን ደግሞ በስም አውቃቸዋለሁ፤ አንተም ታውቃቸዋለህ።

ከሳቢያን፦
ቀስ በሉ። ሊጉ በደጋፊ ጥፋት ክለቡን ነው የሚቀጣው። እኛ በፊርማችን «የእኛ ናቸው» ብለን ስንጽፍ ለቅጣቱ ማስረጃ አቀበልን ማለት ነው። ስሜቱ ይገባኛል፤ ግን ደብዳቤ ደብዳቤ ነው።

ከመጋላ፦
የሚቀጣ አካል የሚያየው ማልያውን ነው፣ ያንተን ደብዳቤ አይደለም። ደግሞስ የእኛ ካልሆኑ በምን መብታችን ነው ሥነ ሥርዓት እናስይዛቸዋለን የምንለው? ረቂቁ ሁለተኛ ገጽ ላይ «ማኅበሩ በአባላቱ ላይ እርምጃ ይወስዳል» ይላል። የየትኛው ማኅበር አባላት ላይ?

ገንዘብ ያዥ፦
እኔ የምለው ሌላ ነው። ቪዲዮው ስር የተጻፈውን ሁሉ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ግማሹ ይስቃል። ግማሹ «የድሬን ስም አጎደፉ»፣ «ይታሰሩ» ይላል። ትንሽ ወረድ ስትሉ ስካሩ ተረስቶ የልጆቹ ብሔር ይቆጠራል፤ እሱን አልደግመውም። ስለ ሻይ ሻጯ ግን የጠየቀ አላየሁም። ድሬ ምንም አልሆነችም፣ ነገም ድሬ ናት። ፔርሙዟ የተሰበረው ሴትዮ ግን ሰኞ ሥራ አልገባችም። ሄጄ አነጋግሬያታለሁ። ፔርሙዞቹ፣ ብርጭቆዎቹና ስኳሩ እንዲተኩላት ነው የምትፈልገው። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቃ ነገረችኝ፦ ይቅርታ ልትጠይቁ ስትመጡ ካሜራ ይዛችሁ እንዳትመጡ።

ጋሼ፣ ከለገሃሬ፦
ገንዘብ ያዣችን ያለችው ነገር እንግሊዝም ደርሷል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 11 ቀን 2021 ዌምብሌይ ላይ የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ነበር፣ እንግሊዝ ከጣሊያን። ጨዋታው ማታ ነው፤ ሰዉ ግን ከጠዋት ጀምሮ ሲጠጣ ዋለ። አንዱ አደባባይ ላይ ሱሪውን አውርዶ ርችት መቀመጫው ውስጥ ለኮሰ። ዓለም ሁሉ በእሱ ሳቀ፣ እስከ ዛሬም ይስቃል። በኋላ በወጣው የማጣሪያ ሪፖርት ግን 2,000 ያህል ሰው ያለ ትኬት ጥሶ ገብቷል። የአካል ጉዳተኞችን መግቢያ ሳይቀር ነው የጣሱት። ስለዚያ በር ስንቱ ሰምቷል? የሚያስቀው ነገር የሚያመውን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ደብዳቤው ከሴትዮዋ ይጀምር።

ከሳቢያን፦
ጋሼ አንተ ደግሞ ሁሌ ዌምብሌይ! ከሴትዮዋ ይጀምር ያልከው ግን ተመችቶኛል። እዚያ ላይ «ጥቂት ግለሰቦች» ማለትም አያስፈልግም። ማልያችንን የለበሱ ሰዎች ጎድተዋታል፣ እንክሳለን። አለቀ።

ጸሐፊ፦
እሺ፣ መነሻው እንዲህ ሆነ፦ «እሁድ ዕለት የክለባችንን ማልያ የለበሱ ደጋፊዎች ሰክረው በመንገድ ነጋዴዎች፣ በእንግዳ ደጋፊዎችና በሰፈር ነዋሪዎች ላይ ጉዳት አድርሰዋል። የተጎዳውን ንብረት ማኅበሩ ይተካል»። ቀጥሎ ስለ መጠጡ። ረቂቁ ላይ «በስታዲየሙ አካባቢ መጠጥ ሙሉ በሙሉ ይከልከል» ተብሏል።

ከገንደ ቆሬ፦
ይሄ ወረቀት ላይ የሚቀር ነገር ነው። ልጆቹ ውስጥ ገብተው አይደለም የሚጠጡት። ጨዋታው አሥር ሰዓት ከሆነ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ነው፤ በዚያ ሙቀት፣ ባዶ ሆዳቸውን። የቀረው በሃይላንድ ተሞልቶ ውሃ መስሎ ይገባል። ፈታሹ ሃይላንዱን አሽትቶ ያውቃል?

ጋሼ፣ ከለገሃሬ፦
ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ1980 ዋንጫ ላይ ደጋፊ ሜዳ ገብቶ ከተደባደበ በኋላ መጠጥን ከስታዲየም አስወጣች። እንግሊዝም በ1985 ሜዳው እየታየ መጠጣትን ከለከለች። ዌምብሌይ የሆነው ይሄ ሕግ እያለ ነው። በር ላይ መከልከል ከበሩ ውጭ ያለውን አይነካም።

ከመጋላ፦
ሕጉ እኛም አገር አለ እኮ። አዋጅ 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ ይላል። በቪዲዮው ውስጥ ካሉት ስንቱ 21 የሞላው ይመስላችኋል? አዲስ ክልከላ ከመጠየቅ ያለው እንዲሠራ እንጠይቅ።

ከገንደ ቆሬ፦
እስማማለሁ። ግሮሰሪዎቹን ደግሞ እኛው ሄደን እናናግር፤ የምንውልበት ነው፣ ያውቁናል። በጨዋታ ቀን ጠርሙስ ይዞ መውጣት ይቅር። ዕድሜው ያልደረሰ አይሸጥለት። እነሱም ወንበር የሚሰበርባቸው ናቸው፣ እምቢ አይሉም።

ከኮኔል፦
ስለ በርጫና ጨብሲስ? ከሰዓት ቅሞ ማታ መጠጥ የሚደርብበት ነው አብዛኛውን ጊዜ የሚከፋው።

ጸሐፊ፦
ወንድሜ፣ በጫት ከጀመርን ሐሙስ አይደለም እስከ መስከረም አንጨርስም። ሌላ ቀን።

ከኮኔል፦
ተቀብያለሁ። ሽንት ቤት ግን ይግባ። ያን ሁሉ ሕዝብ አስወጥታችሁ መንገድ ላይ አንድ ሽንት ቤት የለም።

ከሳቢያን፦
ያ ለሸናው ልጅ ሰበብ መስጠት አይሆንም?

ከኮኔል፦
ሰበብ ይሁነው። ሽንት ቤቱ ለእሱ ብቻ አይደለም፤ ልጅ ይዘው የሚመጡ እናቶችስ? በጨዋታ ቀን የሚከፈት ሽንት ቤት አስተዳደሩ ያዘጋጅ። ጠባቂውን ከእኛ።

ገንዘብ ያዥ፦
አሁን ቅጣቱ ላይ እንምጣ። ረቂቁ «ጥፋተኞቹ ስታዲየሙን እንዲያጸዱ ይደረጋል» ይላል። ይሄንን ማን ጻፈው?

ጸሐፊ፦
እኔ ነኝ። የጃፓን ደጋፊዎች በዓለም ዋንጫ ከጨዋታ በኋላ የተቀመጡበትን ያጸዳሉ፤ ኳታር ላይ የራሳቸው ያልሆነውን የመክፈቻ ጨዋታ እንኳ አጽድተው ነው የወጡት። ጥሩ ነው ብዬ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ጃፓኖቹ ወደው ነው። አንተ ቅጣት አደረግከው። ጽዳት ቅጣት ከሆነ በየማለዳው ከዚራን የምትጠርገው ሴት ምን አጥፍታ ነው? ይውጣ። የሰበሩትን ከኪሳቸው ይክፈሉ። እስኪከፍሉ ማልያ ለብሰው ከእኛ ጋር አይቆሙ። ማኅበሩ ለጊዜው ይከፍልና ከእነሱ ይቀበላል፤ ካዝናችንም ቢሆን ይህን ያህል የሚያኮራ አይደለም።

ከመጋላ፦
ጎሽ! ደግሞ ቪዲዮ የሚለቀውም ይነሳ። የልጁ ፊት ቁልጭ ብሎ ይታያል። እናቱ ገበያ መውጣት ትታለች። ቀርጾ የለቀቀውም ከእኛው አንዱ ነው፣ ማልያው ይታያል። እየሳቀ ሲቀርጽ ጠረጴዛው ተገለበጠ። ስልኩን ኪሱ ከትቶ የልጁን እጅ ቢይዝ ኖሮ ዛሬ ይሄን ሁሉ አናወራም።

ከሳቢያን፦
እዚህ ላይ አልስማማም። ቪዲዮው ባይኖር ጉዳዩ ተድበስብሶ ይቀር ነበር። ስንቱ እሁድ እንዲሁ አልፏል?

ጋሼ፣ ከለገሃሬ፦
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የተቀረጸው ለማኅበሩ ይምጣ፣ አስፈላጊ ከሆነ ለፖሊስ ይሰጥ። ለሳቅ አይለቀቅ። ልጅ ነው፤ ሥራ ሲፈልግም፣ ሚስት ሲፈልግም ያ ምስል ይከተለዋል።

ከገንደ ቆሬ፦
አስተባባሪዎቹስ? ረቂቁ «የሰለጠኑ አስተባባሪዎች» ይላል። ሥልጠናው ይቆየን። ከየሰፈሩ ልጆቹን በስም የሚያውቅ ሰው ይመደብ። ሞቅ ያለውን ሰው ፖሊስ ሲይዘው ይብስበታል። «አንተ የእገሊት ልጅ፣ ና ቤት እንሂድ» ሲባል ግን ይመጣል። የባጃጁን ሒሳብ ማኅበሩ ይቻል።

ጋሼ፣ ከለገሃሬ፦
እ.ኤ.አ. በ1977 ስኮትላንዶች ዌምብሌይ ላይ እንግሊዝን 2 ለ 1 አሸንፈው ሜዳ ገቡ፤ የጎሉን ብረት ሰበሩ፣ ሣሩን ነቅለው ወሰዱ። አገር ሙሉ አፈረባቸው። በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ ደግሞ ጀርመን ላይ እንግዳ ሆነው ሲሄዱ የከተማው ሰው አብሯቸው ይጨፍር ነበር። መጠጣቱን አልተዉም፤ የሚረብሸውን ግን እዚያው መሃላቸው ዝም ያሰኙታል።

ጸሐፊ፦
እሺ፣ የመጨረሻው ይሄ ነው፦ የንብረት ካሳ በመጀመሪያ፤ ከየሰፈሩ ሁለት ሁለት አስተባባሪ፤ ከግሮሰሪዎች ጋር ስምምነት፤ ከአስተዳደሩ የአዋጁን መከበርና ሽንት ቤት መጠየቅ፤ ቪዲዮ ለማኅበሩ ብቻ። የሳቢያን ተቃውሞ ቪዲዮው ላይ ተመዝግቧል። ረቡዕ ሻይ ሻጯ ጋ የሚሄዱት ገንዘብ ያዥና የመጋላው ናቸው፤ ስልክ ቤት ይቀራል። ጋሼ፣ ደብዳቤው ስለረዘመ ስኮትላንድን ቆርጫታለሁ።

ጋሼ፣ ከለገሃሬ፦
ስኮትላንድን ቁረጣት። ሽንት ቤቱን እንዳትነካ።