ለዘመተው ወንድሜ የምጸልየው ጸሎት አፌ ላይ ቆመብኝ

ታናሽ ወንድሜ ከዘመተ 7 ወር ሆኖታል፤ ድምፁን ከሰማሁ ደግሞ 11 ሳምንት አልፏል። ከተለየን ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ መዝሙር 91ን፣ በሰብዓ ሊቃናት (በጥንቱ የግሪክ ትርጉም) አቆጣጠር 90ኛውን፣ ስደግምለት ቆይቻለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን፣ በአጠገቡ ሺህ በቀኙም ዐሥር ሺህ ሲወድቁ እርሱን ክፉ እንደማይቀርበው ከሚናገረው ከ7ኛው ቁጥር ስደርስ፣ ከሚወድቁት መካከል እንደ እኔ የምትጠብቀው እኅት ያለችው ስንቱ እንደሆነ ታሰበኝና ድምፄ ተቆረጠ፤ ከዚያ ወዲህ ጨርሼው አላውቅም።

በምትኩ በጨለማ የሚያበቃውን መዝሙር 88ን ሞከርኩ፤ ኀዘኔን አወጣልኝ እንጂ ለወንድሜ የምለምንበት ቃል አልሰጠኝም። ያማከርኳቸው የሃይማኖት አባት እምነቴ ስለደከመ እንደሆነ ነገሩኝ። እኔ ግን እግዚአብሔር እንደሚሰማኝ አልተጠራጠርኩም፤ የከበደኝ የምለምነው ነገር ነው። እናታችን እስካሁን እንደምደግምለት ታምናለች፤ እውነቱን ልነግራት አልደፈርኩም።

የምትወዱት ሰው የዘመተባችሁ ምእመናን፣ የሌላውን ልጅ ሞት ሳትመኙ የእርሱን በሕይወት መመለስ እግዚአብሔርን የለመናችሁት በምን ቃል ነው?