ሲጋራ ሲጋራ የሚሉ ያገለገሉ የጌም ሲዲዎች፦ ሽታው በምን ይለቃል?

ታቦር_ሥር (ሐዋሳ)
ሰላም ለሁላችሁ። ከአንድ የተዘጋ ፕሌይስቴሽን ቤት የወጡ 11 የፒኤስ4 እና 6 የፒኤስ2 ሲዲዎች ከነቤታቸው አሉ፤ አንዱ ትልቅ ካርቶን ያለው ልዩ እትም ነው። ሁሉም ይሠራሉ፤ ችግሩ የሲጋራና የሺሻ ሽታው ነው። የፕላስቲኩ ቤት በሶፍት ሲታሽ ቢጫ ይለቃል፣ የውስጡ ወረቀትም ያው ነው። ሁለት ቀን በረንዳ ላይ ተናፍሶ ትንሽ ቀንሶ ነበር፤ ተዘግቶ ባደረ ማግስት ግን ተመለሰ። ሽቶ የተነከረ ጥጥ አብሮ ሲቀመጥ ደግሞ ሽቶና ሲጋራ አንድ ላይ ሆነና ባሰ። ዕጣን አጭስበት ያሉኝም አሉ። ወረቀቱን ሳላበላሽ ምን ላድርግ?

መፍቻ_4 (አዳማ)
ወንድሜ፣ ዕጣኑን ተወው። ዕጣንም ጭስ ነው፤ ሙጫው ፕላስቲኩ ላይ ተቀምጦ የሲጋራውን ቅባት ከላይ ይሸፍነዋል፣ ከዚያ ሁለቱን ትፍቃለህ። ሽታው አየር ውስጥ ያለ ነገር አይደለም። ሶፍቱ ላይ ያየኸው ቢጫ ራሱ ነው ሽታው፤ ታርና ኒኮቲን የተጣበቀበት ስስ ቅባት ነው። እሱ እስካለ ድረስ ሳጥኑን በዘጋህ ቁጥር መልሶ ይሸትሃል። ስለዚህ ከፕላስቲክ ላይ ይታጠባል፣ ከወረቀት ላይ ግን አይታጠብም። መጀመሪያ ሁሉንም ለያየው፦ ዲስኩን፣ የሽፋኑን ወረቀት፣ መጽሔቱን፣ ባዶውን ቤት።

ባዶው ቤት፦ 5 ሊትር ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ላርጎ ጨምረህ 30 ደቂቃ ዘፍዝፈው። የፈላ ውኃ አታድርግ፤ ፕላስቲኩ ባይቀልጥም መቆለፊያው ይላላል፣ ወረቀቱ የሚገባበት ስስ ላስቲክም ይጨማደዳል። ዲስኩን የሚይዘውን የመሐል ጥርስና ማጠፊያውን በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ እሽ፤ ቅባቱ በብዛት የሚደበቀው እዚያ ነው። ኦሞ በደረቁ አትፈግፍግበት፣ ይቧጭራል። ቢጫው ካልለቀቀ አንድ እጅ አቸቶ ለአራት እጅ ውኃ በጥብጠህ ቀባና 10 ደቂቃ ቆይተህ እጠብ። ኒኮቲን ቤዝ ስለሆነ አሲድ ሲያገኘው ውኃ የሚያሟሟው ጨው ይሆናል፤ አቸቶው የሚረዳው ለዚህ ነው። በረኪና ግን አጠገቡ እንዳታደርስ፤ ከአቸቶ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማድረቁ ላይ ነው። በቤቱና በላስቲኩ መሐል የገባ ውኃ ከውጭ አይታይም፤ ወረቀቱን ስትመልስ ይጠጣዋል። የላስቲኩን አፍ በስንጥር ክፈተውና 24 ሰዓት ቁልቁል ዘቅዝቀህ አቁመው። እኛ ጋ አዳማ ነፋሱ በግማሽ ቀን ያደርቀዋል፣ ግን አቧራውን አብሮ ስለሚያመጣ ሻሽ ጣል እናደርግበታለን። እናንተ ጋ ክረምት ላይ ሁለት ቀን ስጠው።

ዲስኩ፦ አልኮል በነካ ለስላሳ የመነጽር ጨርቅ ከመሐል ወደ ጠርዝ ቀጥ እያደረግህ ጥረገው፣ አታዙር። አልኮሉ ለሚነበበው ጎን ብቻ ነው። ሥዕል ያለበትን ጎን በውኃ በረጠበ ጨርቅ ብቻ፤ አልኮል ቀለሙን ያነሳዋል። ከፒኤስ2ዎቹ ሥሩ ሰማያዊ የሆነ ካለ እሱ ዲቪዲ ሳይሆን ሲዲ ነው፣ ዳታው ከሥዕሉ ሥር ስለተቀመጠ እዚያ ጎን ላይ በጣም ተጠንቀቅ። የፒኤስ4 ዲስክ ብሉሬይ ነው፤ ዳታው ከሚነበበው ጎን 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው። ጭረት ያጠፋል ብሎ በጥርስ ሳሙና የሚያሽ ሰው መከላከያ ንብርብሩን ነው የሚልጠው። አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው) ደግሞ ዲስኩን ራሱን ይበላዋል።

ወረቀትና_ሙጫ (ሐዋሳ)
ስለ ወረቀቱ እኔ ልጨምር። የወረቀት ሽታ የሚለቀው በደረቅ አየር፣ በሚመጥ ነገርና በትዕግሥት ነው፤ ሁለትና ሦስት ሳምንት ያስቡ።

መጀመሪያ ከላይ ያለውን ቅባት በነጭ ላጲስ በቀስታ ያንሱት። የሚያብረቀርቀውን የሽፋን ወረቀት አልኮል ሽታው ብቻ በቀረበት ጨርቅ መጥረግ ይቻላል፤ በቅድሚያ ግን ጥግ ላይ ይሞክሩት፣ ጨርቁ ቀለም ከያዘ ይተዉት። ከዚያ ሦስት አራት ቀን ጥላ ውስጥ ያናፍሱት። ፀሐይ ላይ አያውሉት፤ ሽታውን ቶሎ ያስለቅቃል፣ ግን ቀዩና ቢጫው ቀለም ቀድሞ ይሄዳል።

ቀጥሎ ክዳኑ ግጥም የሚል 20 ሊትር ባልዲ ይፈልጉ። ታች 250 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በጠፍጣፋ ሳህን ይዘርጉ፣ ጎኑ ግማሽ ኪሎ ያህል ሽንብራ ሽንብራ የሚያክል የተከሰከሰ ከሰል በአሮጌ ካልሲ ቋጥረው ያስቀምጡ። በላዩ ወንፊት ደፍተው መጽሔቶቹን ገጻቸውን ከፈት ከፈት አድርገው ያቁሙበት። ዱቄቱ ወረቀቱን አይንካ፤ መጽሔቱን ከሰፋው የስቴፕለር ሽቦ ሥር ገብቶ ይቀራል፣ በኋላም ወደ ማጫወቻው ማሽን ይገባል። ሶዳውን በየ4 ቀኑ ይቀይሩ።

ከሰሉ ላይ አንድ ነገር አለ፦ በደንብ ያልከሰለ፣ ገና የሚያጨስ ከሰል ከሆነ ራሱ ጭስ ጭስ ይሸታል። ደጅ ላይ ፍም እስኪሆን አቀጣጥለው ክዳን ባለው ጣሳ አፍነው ያጥፉትና ቀዝቅዞ ይጠቀሙበት። ለዓሣ ገንዳ ማጣሪያ የሚሸጠውን አክቲቬትድ ካርቦን ካገኙ ግን በጣም ይበልጣል፣ መቶ ግራሙ ይበቃል።

የሐዋሳ ክረምት እርጥበት አለው። ባልዲውን ሳይከፍቱ ከከረሙ ሻጋታ ይይዘዋል፤ የሻጋታ ሽታ ከሲጋራው የባሰ ነው። ብራ ቀን ሲገኝ ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት ይክፈቱት።

ታቦር_ሥር
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ መፍቻም። ሁለት ጥያቄ፦ ፋርማሲ ያለው 70 ፐርሰንት አልኮል ብቻ ነው፤ ይሆናል? ሱቁ ደግሞ ቤኪንግ ፓውደር ነው የሰጠኝ፣ አንድ ነው አለኝ።

መፍቻ_4
አንድ አይደለም። ፓውደሩ ከሶዳው ጋር አሲድና ስታርች የተቀላቀለበት ነው፣ እርጥበት ሲያገኘው ራሱን በራሱ ይጨርሳል። ለዳቦ አስቀምጠው። 70ው ለዲስክና ለፕላስቲክ ደህና ነው፣ ውኃ ስላለው ብቻ ቀስ ብሎ ይደርቃል። የካርትሪጅ (የድሮው የጌም ካሴት) የብረት ጥርስ የምታጸዳ ቢሆን 90 እና ከዚያ በላይ ያስፈልግህ ነበር፤ እሱን ሞባይል ጠጋኞች ጋ ጠይቅ። የእጅ ሳኒታይዘር ጄል ግን ምንም አትንካበት፣ ደርቆ ሙጫ ይተዋል።

ቪዲዮ_ቤት_ልጅ (ሐዋሳ)
የፒኤስ2 ቤቶቹን ለማጠብ አትድከም። ልኩ ከተራ ዲቪዲ ቤት ጋር አንድ ነው፣ 190 በ135 ሚሊ ሜትር። የሠርግ ቪዲዮ የሚያዘጋጁ ቤቶች ጋ ባዶውን ታገኛለህ፣ የሽፋን ወረቀቱ ልክክ ብሎ ይገባል። የፒኤስ4ው አጭር ስለሆነ አይሆንም፣ እሱን እጠብ።

መልቀቁን ለማወቅ ደግሞ የራስህን አፍንጫ አትመን፤ ሲውል ይለምደዋል። ንጹሕ ፌስታል ውስጥ ቋጥረህ አሳድርና ጠዋት ሲጋራ የማያጨስ ሰው ይፍታው። ወዲያው ፊቱን ካዞረ ባልዲው ውስጥ መልሰው።

ወረቀትና_ሙጫ
ልዩ እትሙን ረስተነው። ካርቶኑን ልክ እንደ መጽሔቱ ያድርጉት፣ ባልዲው ካልበቃ ትልቅ ላስቲክ ከረጢት ይሆናል። ውስጡ ዕቃውን የሚይዝ ስፖንጅ ካለ ግን ያንን ያውጡትና ይጣሉት፤ ጭሱን እስከ መሐሉ ስለጠጣ ማጠቡም ማናፈሱም አያድነውም። ከመጣልዎ በፊት ቅርጹን ወረቀት ላይ ያስምሩ፣ ፍራሽ ቤት በዚያው ልክ ይቆርጡልዎታል።